ነጋሪቱና እረኛው፦ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ በፎገራ ሜዳ አድማጮች ታሪክ ውስጥ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው የተገለበጠ)



የኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከማሰራጫው ወገን ነው። ጣቢያው መቼ ተተከለ? ማን መረቀው? ስንት ኪሎ ዋት ኃይል ነበረው? መንግሥት ሲለወጥ ስሙ ምን ተባለ? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ነገር ግን የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይመልሳሉ። ሌላው ግማሽ ያለው በመቀበያው ወገን፣ ማለትም በአድማጩ ዘንድ ነው። በዛሬው ንግግሬ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ከአንድ ቦታ፣ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ተነሥቼ ለማየት እሞክራለሁ።

ስለ ምን ፎገራን መረጥሁ? ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ጥቁር መረሬ አፈር ያለው ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለቱ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ወረታ ደግሞ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና በመካከሏ ያልፋል፤ በደርግ ዘመን በቻይና ድጋፍ የተሠራው፣ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድም የሚጀምረው ከእርሷ ነው። ስለዚህ ወሬ የሚያልፍባት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በመካከለኛ ሞገድ ዘመን ሁሉ ወደ ሜዳው የሚመጣው የሬዲዮ ድምፅ የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነበር፤ ከአዲስ አበባ፣ ኋላም ከባሕር ዳር፣ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ። ፎገራ ለሬዲዮ ታሪክ የሚያገለግለን በዚህ ምክንያት ነው። ማሰራጫ የሌለው አድማጭ ታሪኩ ምን ይመስላል ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ሁለት የቆዩ ተቋማት

ከሬዲዮ በፊት በጎንደርና በአካባቢው የሕዝብ ንግግር ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ነጋሪት ነው። አዋጅ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገራል። የአዋጁ ግስ «ስማ» ነው። ሰሚው ይሰማል፤ ሰምቶም ላልሰማው ያሰማል። ድምፁ የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ነው።

ሁለተኛው መንገድ በተቃራኒው ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ነበር። ነገሥታትና መኳንንት የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር በትውፊት እናውቃለን። እረኛ በዜማ የሚለው፣ አዝማሪ በሰምና ወርቅ የሚሰነዝረው፣ አልቃሽ በለቅሶ ቤት የምታወርደው ቃል እንደ ወሬ ምንጭ ይታይ ነበር። ባለሥልጣኑ የእረኛውን ቃል ላይወደው ይችላል፤ ግን ይጠይቃል። ጥያቄው ራሱ ተቋም ነበር።

የዛሬው ክርክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ሬዲዮ ወደ ፎገራ ሲገባ የነጋሪቱን ሥራ ወረሰ፤ የእረኛውን ሥራ ግን አልወረሰም። በተከታታይ ሦስት ሥርዓቶች የመሣሪያው ኃይልና የፕሮግራሙ ዓይነት ጨመረ እንጂ የድምፁ አቅጣጫ እምብዛም አልተለወጠም። ይህም የአቀራረብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኋላ እንደማሳየው በዚህ ሜዳ ላይ በጤናና በሕይወት የሚመዘን ጉዳይ ነው።

ድምፁ እንዴት ይደርስ ነበር?

ወደ ዘመናቱ ከመሄዳችን በፊት ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችሁ ያደጋችሁት በኤፍ ኤም ዘመን ስለሆነ መካከለኛ ሞገድ፣ በተለምዶ ኤ.ኤም. የሚባለው፣ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ተራራ ከጋረደው ይዳከማል። የመካከለኛ ሞገድ ግን ቀን ቀን ምድርን ተከትሎ ይጓዛል። ርቀቱንም ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ አፈሩ ነው። እርጥብና ሸክላማ መሬት ከደረቅና ከድንጋያማ መሬት የተሻለ መንገድ ይሰጠዋል። ስለዚህ ፎገራን የመሰለ ሜዳ ለመካከለኛ ሞገድ የተመቸ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሁኔታው ይለወጣል። ቀን ሞገዱን ይውጥ የነበረው የላይኛው ከባቢ አየር ንብርብር ስለሚሳሳ ሞገዱ ከዚያ በላይ ካለው ንብርብር ተንጸባርቆ ከሩቅ አገር ይመለሳል። ማታ ቁልፉን የሚያዞር አድማጭ ከሱዳንና ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጡ ጣቢያዎች እየተደራረቡ የሚሰሙት ስለዚህ ነው።

ይህ ሞገድ አንድ ክፉ ጠላት አለው፤ መብረቅ ነው። በክረምት፣ ዝናብ በጉና ላይ ሲከብድና ወንዞቹ ሲሞሉ፣ መካከለኛው ሞገድ በጩኸት ይሞላል። ወሬ እጅግ በሚያስፈልግበት ወር ድምፁ እጅግ ይደፈርሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ የባትሪ ድንጋይ ወጪ አለ። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ቀን ማቆየት በገጠሩ የታወቀ ዘዴ ነበር። ባትሪ ለመቆጠብ ሬዲዮ የሚከፈተው በሰዓቱ ነው፤ ለዜና፣ ለአዋጅ፣ ለተወደደ ዝግጅት። አንድ ሬዲዮ የብዙ ቤት ሬዲዮ ነበር። ከዚህም የተነሣ ማዳመጥ የጋራ ሥራ ሆነ። ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላ ጨዋታው ይቀጥላል፤ የተባለው ይተረጎማል፣ ይጠረጠራል፣ ይቀለድበታል። ዛሬ «የውይይት ፕሮግራም» የምንለው ነገር በፎገራ ሲካሄድ የኖረው በሬዲዮው ውስጥ ሳይሆን በሬዲዮው ዙሪያ ነበር።

ከአቃቂ እስከ የካቲት 1967

የኢትዮጵያ ሬዲዮ መነሻው አቃቂ ነው። መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ሰዓት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያ ጣቢያ አማካይነት ለውጭው ዓለም ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ከዚህ ጣቢያ በታሪክ የሚታወሰው የመጀመሪያው ታላቅ ንግግር አድማጩ የውጭ አገር ሰው ነበር። የገጠሩ ሕዝብ መቀበያ አልነበረውም። ከነፃነት በኋላ ስርጭቱ ቢቀጥልም ሬዲዮ ለረጅም ጊዜ የከተማ ዕቃ ሆኖ ቆየ። ወደ ባላገሩ ቤት መግባት የጀመረው ከ1950ዎቹ ወዲህ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎች ሲበረቱና በባትሪ የሚሠራው ትራንዚስተር ሬዲዮ ሲመጣ ነው።

በዚያው ዘመን አድማጩ የሚመርጠው በዛ። በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን «የወንጌል ብሥራት ድምፅ» ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ብዙዎች የሚያስታውሱት «ብሥራተ ወንጌል» በሚለው ስሙ ነው። በ1957 ዓ.ም. የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭቱን ጀመረ። እነዚህ ድምፆች ስለ አገር የሚወራ ወሬ ከአንድ በላይ ምንጭ ሊኖረው እንደሚችል ለአድማጩ አሳዩት። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሲባል ከአማራጮቹ አንዱ ጠፋ።

አሁን ወደ አንድ ቀን ልውሰዳችሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ታወጀ፤ በሬዲዮም ተነገረ። አንዱ አዋጅ፣ በአንዱ ቋንቋ፣ በአንዱ ቀን ለመላው አገር ደረሰ። ነገር ግን ሰሚው አንድ ዓይነት አልነበረም። በደቡብ ለጭሰኛው አዋጁ ከባለመሬት እጅ መውጣት ነበር። በበጌምድር፣ ስለዚህም በፎገራ፣ ብዙው ገበሬ መሬቱን የያዘው በርስት ነው። እርሱ ራሱን ጭሰኛ አይልም፤ ባለርስት ነው፤ የአባቱንና የእናቱን ትውልድ ቆጥሮ ይካፈላል፣ ይሟገታል። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ቃል ለአራሽ ባለርስት ምን ማለት ነው? ጥያቄው ለሬዲዮው አልቀረበም፤ ሊቀርብለትም የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ማሰራጫው ተናግሮ ጨርሷል። ጥያቄው የቀረው በሬዲዮው ዙሪያ ለተቀመጡት ሰዎች ነው። ከዚያ በኋላ በሰሜኑ ክፍል አዋጁን በመቀበልና ባለመቀበል ዙሪያ የተነሣውን ለመረዳት የምንሻ ከሆነ ይህን በአዋጁና በሰሚው መካከል የነበረውን ክፍተት ማየት ይገባናል።

ትምህርት፣ ጦርነት፣ ድራማ

የደርግን ሬዲዮ ፕሮፓጋንዳ ብቻ ነበር ብሎ ማለፍ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሬዲዮን ከመምህሩና ከመጽሐፉ ጎን አሰልፏል። ዘመቻው በዓለም አቀፍ ደረጃ በዩኔስኮ በኩል ሽልማት አግኝቷል። የትምህርት ሬዲዮም በየክፍለ ሀገሩ አነስተኛ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎች እየተተከሉለት ወደ ክፍል ገባ። በጥበብ በኩል ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ ማንበብ የማይችለው አድማጭ ሁሉ የልብ ወለድ ተደራሽ ሆነ። በቃል ባህል ላደገ ሕዝብ ይህ ታላቅ ነገር ነበር።

ጦርነቱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ማዳመጥ አስተማረ። የአማፅያኑ ሬዲዮዎች አየሩን ተቀላቀሉ፤ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭትም በ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር። በደቡብ ጎንደር ጦርነቱ በሚፋፋምበት ጊዜ፣ በተለይም በየካቲት 1983 ዓ.ም. «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ሲካሄድ፣ የመንግሥት ሬዲዮ የሚለውና ሰው በዓይኑ የሚያየው መንገድ ለመንገድ ተለያየ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ አድማጭ አንዱን ጣቢያ በሌላው ይመዝናል፤ ከሁለቱም የቀረውን ከመንገደኛ ይጠይቃል። ይህ የማነጻጸር ልማድ ከዘመኑ ትሩፋቶች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣት ሲነገርም ነጋሪቱ ያው ሬዲዮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማሰራጫው ወደ ሜዳው ቀረበ። በ1987 ዓ.ም. ሬዲዮ ፋና ተከፈተ። በክልሉ «በኵር» ጋዜጣ በ1987፣ የአማራ ሬዲዮ በ1989 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ባሕር ዳር ከወረታ ከ60 ኪሎ ሜትር አትርቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዜናው የሚያውቃቸውን ወንዞችና ወረዳዎች በስማቸው የሚጠራ ሬዲዮ ለፎገራ ደረሰ። ግብርና፣ ጤና፣ የሴቶችና የወጣቶች ጉዳይ የራሳቸው ሰዓት ነበራቸው። በክልሉ ያሉ ሌሎች ቋንቋዎች፣ አዊኛ፣ ኽምጣናና ኦሮምኛ፣ በመገናኛ ብዙኃኑ ስርጭት ውስጥ ቦታ አገኙ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አድማጭ መናገር እንደሚፈልግ ካሳዩት ዝግጅቶች መካከል አንዱ «የቀን ቅኝት» ነው። ይህ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምር ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል ተላልፏል። አድማጮችም በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፈዋል። ደብዳቤ መጻፍ ለገጠር ሰው ወረቀት፣ ጸሐፊና ፖስታ ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው መፈለግ ነው። ያን ሁሉ ድካም የሚቀበል አድማጭ «እረኛ ምን አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚለው አልነበረውም ማለት አይቻልም።

ሦስት ጉዳዮች

አሁን ክርክሬን በሦስት የፎገራ ጉዳዮች ልፈትነው።

የመጀመሪያው ሩዝ ነው። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሩዙ አልፈረሰም። ገበሬው ከገበሬ ዘር እየተቀበለ፣ የጎረቤቱን ማሳ እያየ አስፋፋው። እስከ ዛሬ ከሚዘሩት ዝርያዎች አንዱ «ኤክስ ጅግና» ተብሎ የቀበሌውን ስም ይዞ ይጠራል። ዛሬ በወረታ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ውኃ የሚተኛበትን፣ ቀድሞ የግጦሽና የጓያ መሬት የነበረውን ሜዳ የለወጠው ይህ እውቀት በዋናነት የተጓዘው ከአፍ ወደ ጆሮ፣ በማሳና በገበያ ነው። ከዚህ የምንማረው ሜዳው የራሱ የእውቀት ስርጭት እንዳለው ነው። ማሰራጫ ያጣው እውቀት የለም፤ እውቀቱ ግን በእግር ፍጥነት ይሄዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ የእግር ፍጥነት የማይበቃበት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰውን የሚያከሳ፣ ትኩሳቱ የማይለቅ፣ ሆድን የሚነፋ በሽታ ተነሣ። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተብሎ ተገመተ። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ሞቷል። እንግዲህ አስቡ። በየመንደሩ «የወባ መድኃኒት የማያድነው ወባ» የሚል ወሬ ነበር ማለት ነው፤ ምክንያቱም ታማሚው መድኃኒቱን ውጦ አለመዳኑን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው። ይህ ወሬ የበሽታ ምልክት ነበር። የሬዲዮ የጤና ዝግጅት ስለ ወባ ያስተምራል፤ ትምህርቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ከአንድ መንደር እናት፣ ከሌላውም መንደር ሌላዋ፣ ያንኑ ነገር በአንድ ሰዓት የሚናገሩበት መድረክ ቢኖር ኖሮ ተመሳሳይነቱ ቶሎ ይታይ ነበር ብዬ እከራከራለሁ። ሬዲዮ ሐኪምን አይተካም። የተበታተነ ወሬን ወደ አንድ ጆሮ መሰብሰብ ግን ይችላል።

ሦስተኛው ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን አጥለቀለቁት፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ከብትና ሰብል ጠፋ። ሁለቱም ወንዞች ከጉና እንደሚነሡ ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። በጉና ላይ የወረደ ዝናብ ሜዳው እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ወንዙ መሙላቱን አስቀድሞ የሚያየው በደጋው ያለው ሰው ነው፤ የሚጎዳው በቆላው በኩል ያለው ነው። በመካከላቸው ያለው ያ ጊዜ ሰው፣ ከብትና እህል የሚሸሽበት ጊዜ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዜና ከዋና ከተማ የሚነገር ዜና አይደለም፤ የላይኛው አገር ሰው ለታችኛው አገር ሰው የሚናገረው ነው። አድማጭ ተናጋሪ የሚሆንበት ሬዲዮ ምን ጥቅም አለው ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም።

ከመካከለኛ ሞገድ በኋላ

ዛሬ መካከለኛ ሞገድ እየተረሳ ነው። ኤፍ ኤም ከባሕር ዳርና ከጎንደር ይሰማል፤ ስልክ በየኪሱ ገብቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የማኅበረሰብ ሬዲዮን በሕግ አውቆታል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238ም ቦታውን ጠብቆለታል። በክልላችን በዋግ ኽምራ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ተሞክሯል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ አገልግሎትም ገበሬው ራሱ ደውሎ የግብርና ምክር እንዲሰማ አስችሏል።

ሆኖም መሣሪያው ተለወጠ ማለት አቅጣጫው ተለወጠ ማለት አይደለም። በስልክ የደወለ ገበሬ ቁጥር ይጫናል፤ ምክሩን የሚሰጠው የተቀዳ ድምፅ ነው። በኤፍ ኤም የቀጥታ ውይይት የሚደውለው ብዙውን ጊዜ የከተማ ሰው ነው። እንቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የጣናን ዳር ሲወርስ በዳርቻው ያለው አሣ አጥማጅና ገበሬ በእንግድነት ቀርቦ ጥቂት ይጠየቃል፤ ማብራሪያው ግን የሌላ ሰው ነው። የነጋሪቱ ልማድ በአዲሱ መሣሪያ ውስጥም ይኖራል።

ታዲያ ከእኛ፣ ከታሪክ ተማሪዎች፣ ምን ይጠበቃል? ጣቢያ መትከል ሥራችን አይደለም። ሥራችን ምንጭ መሰብሰብ ነው። የማሰራጫው ወገን መዝገብ አለው፤ አዋጅ፣ ደብዳቤ፣ የተቀዳ ክር። የአድማጩ ወገን መዝገብ በሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬቱን አዋጅ በ20 ዓመቱ የሰማ ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ነው። ለእርሱ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ። አዋጁን የሰማኸው በማን ሬዲዮ ነው? ከአንተ ጋር እነማን ነበሩ? ሬዲዮው ሲዘጋ ማን ምን አለ? ሴቶቹ የት ሆነው ያዳምጡ ነበር? ካህኑስ፣ ነጋዴውስ፣ በመስክ ከብት የሚጠብቀው ልጅስ? አንዳንዱ መልስ ከሌላው ይጋጫል፤ ተጋጭቶም ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም አንዱ አዋጅ በስንት ዓይነት ጆሮ እንደተሰማ የሚያሳየን ይህ ግጭት ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች የምመክረው ይህን ነው። መቅረጫ ያዙ፤ ወረታ፣ ሻጋ፣ ጅግና፣ ናበጋ ሂዱ። አንቱታውንና ትዕግሥቱን ጠብቃችሁ ጠይቁ። ስለ ሬዲዮው ጣቢያ ከመጠየቃችሁ በፊት በሬዲዮው ዙሪያ ስለተቀመጡት ሰዎች ጠይቁ። ቤተ መጻሕፍታችንም ቅጂዎቹን የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ከአሁኑ ሊያዘጋጅ ይገባል፤ ምክንያቱም የምትሰበስቡት ነገር ለታሪክ ብቻ የሚበቃ አይሆንም። ነገ በዚህ ሜዳ የአድማጩ ሬዲዮ የሚተከል ከሆነ ፕሮግራሙን የሚያወጣው ሰው አስቀድሞ ሊያዳምጠው የሚገባው እርሱን ነው።

 አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ ቀጥሉ።